የስልክ ምልክት ሦስተኛው ንብርብር

ኒሯቅ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ቆላ፣ ሀብቱ ፍየል ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ከዋግ አልፎ ስሙ የታወቀ ዝርያ ነው። ዛሬ ፍየሉን የሸጠ ሰው ብሩን በእጁ ካልቆጠረ በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳቡ ይገባለታል። መግባቱን ሊያይ ስልኩን ሲከፍት ግን ስም አያነብም። አፉን የፈታው በኽምጣኛ ሊሆን ይችላል፤ ከአፑ ሥር ያለው ጽሑፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደል ነው። ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። ሐምራዊው ንግድ ባንክ እንደሆነ ያውቃል፤ ያንን ይነካል።

ይህች ትንሽ ሥዕል፣ የአፕ ምልክት፣ ባለፉት ዓመታት ውስጧ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ የአንድሮይድ ምልክት አንድ ወጥ ሥዕል ነበር። አንዱ ክብ፣ አንዱ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ቅርጽ የለሽ ሆኖ በስልኩ ዋና ገጽ ላይ ይበተን ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው አንድሮይድ 8 ምልክቱን ከሁለት ንብርብር እንዲሠራ አደረገ፤ ከሥር መደቡ፣ ከላይ ሥዕሉ። እያንዳንዱ ንብርብር 108 በ108 ዲፒ ይሆናል። ዲፒ የስክሪን መለኪያ ነው፤ በልዩ ልዩ ስክሪን ላይ የነገሩ መጠን እንዳይዛነፍ ያደርጋል። ስልኩ ከመካከሉ 72 ዲፒ የሚሆነውን ብቻ ያሳያል፤ በምን ቅርጽ እንደሚቆርጠው የሚወስነው የስልኩ አምራች ነው። ሳይቆረጥ እንደሚቀር የሚታመነው 66 ዲፒ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያለው ሥዕል ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ጠርዝ አልሚው ለመቀስ እንደሰጠው ይቁጠረው።

በዚህ የቅርጹ ዝብርቅርቅ ተስተካከለ። ቀጥሎ የመጣው የቀለሙ ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የወጣው አንድሮይድ 13 ሦስተኛ ንብርብር ጨመረ፤ ቀለም የሌለው፣ ቅርጹ ብቻ የቀረ ሥዕል። ባለቤቱ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ይህን ካበራ፣ ስልኩ ከጀርባ ሥዕሉ ቀለም ወስዶ ምልክቶቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀለም ያለብሳቸዋል። አፕልም መስከረም 2017 ዓ.ም. ባወጣው አይኦኤስ 18 ተመሳሳይ ምርጫ አመጣ። ገጹ ያምራል፤ ይህን የሚሹ ተጠቃሚዎች ብዙ ናቸው፣ ፍላጎታቸውም ተገቢ ነው። ሦስተኛውን ንብርብር ያልሠራ አፕ በዚህ መካከል በራሱ ቀለም ብቻውን ተነጥሎ ይታያል፤ ስለዚህ አልሚዎች ምልክታቸውን እንዲያድሱ ይጠየቃሉ። በአዲሶቹ የአንድሮይድ ስሪቶችማ አልሚው ባያቀርብም ስልኩ ራሱ ከባለቀለሙ ሥዕል ላይ ጥላውን አውጥቶ ይቀባዋል።

ለኒሯቁ ሰው ይህ ምን ማለት ነው? ሐምራዊው የለም። ልጁ ስልኩን አሳምርልሃለሁ ብሎ አንዲት ነገር ቢነካ፣ የባንኩም የቴሌብሩም የሙዚቃውም ምልክት አንድ ቀለም ይሆናል። የቀረለት ቅርጹ ብቻ ነው።

ቅርጽ ብቻውን ሊበቃ እንደሚችል አገራችን ከምርጫ ወረቀት ታውቃለች። ማንበብ የማይችል መራጭም የፈለገውን እንዲለይ ፓርቲዎች ምልክት ይይዛሉ፤ ኢሕአዴግ ንብ ነበረው፣ ብልጽግና አምፖል ያዘ። ንብ በምንም ቀለም ቢታተም ንብ ነው። የአፕ ምልክት ሠሪም ሊደርስበት የሚገባው እዚህ ነው፤ ቀለሙ ተገፍፎም የሚታወቅ ነገር።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ያለውን ዓርማ እንዳለ ማጥቆር ነው። ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄደው ቀለም ይጠፋል፣ ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት ቀለሞች አንድ ይሆናሉ፣ በውስጡ የተጻፉ ትንንሽ ፊደላትም ተጨማድደው ነጠብጣብ ይመስላሉ። በክብ ውስጥ ረቂቅ ዝርዝር ያለው ዓርማ ድፍን ክብ ሆኖ ይቀራል። አምስት ባንክ እንዲህ ቢያደርግ አምስት ድፍን ክብ ማለት ነው፤ ገንዘብ በሚዘዋወርበት አፕ ላይ ይህ ከቁንጅና ጉድለት ያለፈ ነገር ነው። ስለዚህ ሥዕሉ እንደገና መሣል አለበት። ከዓርማው ውስጥ ሰው የሚያስታውሰውን አንዱን ነገር መርጦ ሌላውን መተው፣ መስመሩን ማወፈር፣ ቀለም ይለያቸው የነበሩትን ክፍሎች በባዶ ቦታ መለየት ያስፈልጋል። ሲያልቅ ብሩህነቱ በተቀነሰ ርካሽ ስልክ ላይ፣ ደጅ በፀሐይ ይታይ። ለባልደረባ ሳይሆን የላቲን ፊደል ለማያነብ ሰው ተሰጥቶ፣ ሳያመነታ ካገኘው ይውጣ።

በእርግጥ ባለቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ቴሌብርን በ*127# ይከፍታል፤ ምልክት አይመለከተውም። ስማርት ስልክ ባለውም ዘንድ ለውጡ በአንድ ቀን አይደርስም። በአገራችን አፕ ከፕሌይ ስቶር ብቻ አይወርድም፤ በዜንደርና በሼርኢት ከስልክ ወደ ስልክ፣ በቴሌግራምም ከቡድን ወደ ቡድን ይተላለፋል። እንዲህ የደረሰ አፕ ብዙ ጊዜ ሳይታደስ ይቆያል፤ አንድ ቤት ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ምልክት ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። ድንገት መልኩን የቀየረ የባንክ አፕ ደግሞ አጭበርባሪ የላከውን የሐሰት አፕ ይመስላል፤ ጠንቃቃው ሰው ፈርቶ ያጠፋዋል፣ የዋሁ ደግሞ ነገ እውነተኛው ሐሰት ሲመጣ «ያው ቀየሩት» ብሎ ይቀበለዋል።

ባንኩ ወይም ቴሌው ምልክቱን ከመለወጡ በፊት በአጭር መልእክት ቢያሳውቅ ይህን ይከላከላል። አጭር መልእክት ሥዕል አይሸከምም፤ ስለዚህ አዲሱ ቅርጽ በቃላት ይገለጽ፣ ምን እንደሚመስልና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚታይ። ኽምጣኛም በግእዝ ፊደል ስለሚጻፍ፣ ያው መልእክት ለዋግ ደንበኞች በኽምጣኛ ሊላክ ይችላል።