«ነፃ» ማለት «የተጠበቀ» ማለት አይደለም

ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ አንዲት ነርስ በሕመምተኛ መርፌ ከተወጋች ከሦስት ቀን በኋላ መጣች። «ለምን ቆየሽ ሲስተር?» ስላት ሁለት ዓመት ያለፈውን የምርመራ ወረቀቷን አሳየችኝ። «ኔጌቲቭ ነኝ እኮ።» ክትባት ግን አንድም ጊዜ አልወሰደችም።

ተረት፦ የሄፓታይተስ ቢ ውጤቴ ኔጌቲቭ ስለሆነ አልሰጋም።

እውነታ፦ ይህ የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ኤችቢኤስኤጂ የሚባለውን የቫይረሱን የላይ ሽፋን ነው። ከተገኘ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ አለ። ካልተገኘ፣ ደሙ በተቀዳበት ቀን አልታየም ማለት ነው። ቫይረሱ የገባበት ሰው ደም ውስጥ ሽፋኑ እስኪታይ ደግሞ በአማካይ 4 ሳምንት ይፈጃል። ሰውነታችን መከላከያ ይኑረው አይኑረው ይህ ምርመራ አይነግረንም፤ የተከተበም ያልተከተበም ሰው ወረቀቱ ላይ ያው ኔጌቲቭ ይላል። መከላከያውን የሚለካው አንቲ ኤችቢኤስ የሚባል ሌላ ምርመራ ነው። ክትባቱ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላና በ6ኛው ወር ይሰጣል። ከመጨረሻው መርፌ ከ1 እስከ 2 ወር ቆይቶ ሲለካ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒትና ከዚያ በላይ ከተገኘ ሰውየው ተጠብቋል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለዓመታት የተማርነው በኤችአይቪ ነው። ለኤችአይቪ ክትባት ስለሌለ ከ«ኔጌቲቭ» የሚበልጥ የምሥራች የለም። ለሄፓታይተስ ቢ ግን አለ። ያልተከተበ ባለሙያ ቫይረሱ ባለበት መርፌ ቢወጋ፣ እንደ ሕመምተኛው የቫይረስ መጠን፣ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። የኤችአይቪ ከመቶ 0.3 ገደማ ነው። ለትንሹ እየሮጥን ለትልቁ አሮጌ ወረቀት እናወጣለን።

የሚያናድደኝ አዲስ ተመራቂን «ሃያ ዓመት ስሠራ ምን ሆንኩ?» እያሉ ከክትባት የሚያዘናጉ አንጋፋዎች ናቸው። ሃያ ዓመት በደኅና ያለፈ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ዕድሉን ግን ለሌላ ሰው ሊያወርስ አይችልም። አገራችን ክትባቱን ለሕፃናት በአምስት ጥምር ክትባት ውስጥ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው አብዛኛው ባለሙያ ከዚያ በፊት የተወለደ በመሆኑ ፈልጎ ካልተከተበ ከክትባት የሚገኘው መከላከያ የለውም። በየተቋሙ ክትባቱን የሚያቀርብ ሲጠፋ ከኪስ መግዛት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይህ ጥያቄ ለኃላፊዎች መቅረብ አለበት፤ የጽዳት ሠራተኞችንም ማካተት አለበት። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያልና።

የቀሩትን ተረቶች በአጭሩ፦

«የወፍ በሽታ የሚይዘው የሌሊት ወፍ ሲያልፍብህ ነው።» አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው።

«የጉበት ኤንዛይሜ ኖርማል ስለሆነ ቫይረስ የለብኝም።» ኤንዛይሙ ኖርማል እንደሆነ፣ ዓይኑም ቢጫ ሳይሆን ቫይረሱን ለዓመታት የሚሸከም ሰው ብዙ ነው።

«ከያዘው ሰው ጋር አንድ ገበታ መቅረብ አደጋ አለው።» የለውም። አብሮ በመብላትም በመጨባበጥም አይተላለፍም።

«ወረቀት ማንበብ ለማንም ቀላል ነው።» ሁልጊዜ አይደለም። አንቲ ኮር የሚባለው ምርመራ ብቻውን ፖዘቲቭ ሲሆን የዳነ የቆየ ኢንፌክሽን፣ ሽፋኑ ጠፍቶ መከላከያው ገና ያልታየበት ጊዜ፣ የተደበቀ ቫይረስ ወይም የምርመራ ስሕተት ሊሆን ይችላል። እኛም ያለ ተጨማሪ ምርመራ መለየት አንችልም።

ከተወጉ በኋላ ክትባቱ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል። ያቺ ነርስ ቢዘገይባትም የመጀመሪያውን መርፌ በዚያው ቀን ወሰደች። ስምንት ወር ቆይታ ሁለት ወረቀት ይዛ ተመለሰች። አንደኛው እንደ ድሮው ኔጌቲቭ ይላል። ሁለተኛው ላይ ከ10 በእጅጉ የሚበልጥ ቁጥር ተጽፎበታል።