አንድ ግድግዳ፣ ሁለት ደንብ

(ምስል፦ የምዕራብ ለንደን ጣሪያዎች፤ በመካከላቸው በነጭ ሸራ የተጠቀለለ፣ ከጫፉ አረንጓዴ ልብ የተሣለበት ረጅም ሕንፃ)

በእንግሊዝ አገር ነባር መኖሪያ ሕንፃን ሙቀት እንዳያባክን አድርጎ ማደስ የፈለገ ባለቤት፣ እድሳቱ የሕንፃውን የውጭ ገጽታ የሚለውጥ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በሮችን ማንኳኳት ይኖርበታል፤ አንደኛው ሕንፃው ከአካባቢው ጋር መስማማቱን የሚመዝነው የፕላን ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን የሕንፃ ደንብ ማሟላቱን የሚመረምረው የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ነው። ደንቡ በፊደል የተሰየሙ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ «ኤል» የተሰኘው የነዳጅና የኃይል ቁጠባን፣ «ቢ» የተሰኘው ደግሞ የእሳት ደኅንነትን ይመለከታል። ክፍሎቹ ለየብቻ ተጽፈው ለየብቻ ይነበባሉ፣ ለየብቻ ባለሙያም ይሰጣሉ፤ ወደ ሥራ ሲገባ ግን ሁለቱም የሚያርፉት በአንዱ ግድግዳ ላይ ነው።

በሰሜን ኬንሲንግተን የቆመው ግሬንፌል ታወር በ1974 የተጠናቀቀ፣ 24 ፎቅና 67 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ሕንፃ ሲሆን፣ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሕንፃዎች ስለ ሙቀት ብክነት ብዙ ሳይታሰብ የተሠራ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ታቅዶ በ2016 ያለቀውና ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ የወጣበት እድሳት ሕንፃውን አዲስ መስኮትና አዲስ ማሞቂያ ሰጠው፤ ግድግዳው ከውጭ በኩል የሙቀት ማገጃ ተለጠፈበት፣ ከማገጃው ፊት ደግሞ ክፍተት ተትቶ ዝናብ የሚመልስና ለዓይን የሚያምር ልባስ፣ ማለትም ክላዲንግ፣ ተገጠመለት። የፕላን ክፍሉ በሥልጣኑ ልክ ስለ ልባሱ መልክና ቀለም ጠየቀ። በመጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ልባስም 300 ሺህ ፓውንድ ገደማ ለመቆጠብ ሲባል በአሉሚኒየም ተተካ።

ግድግዳ ሙቀት የሚያሳልፍበት መጠን «ዩ ቫልዩ» በሚባል ልኬት ይገለጻል፤ ይህም በቤቱ ውስጥና በውጭው መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በኩል ስንት ዋት ሙቀት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቤቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የ«ኤል» ክፍል መመሪያ ለሚታደስ ግድግዳ 0.30 ሲጠይቅ፣ የግሬንፌል ዕቅድ ያለመው 0.15 ነበር። ከተጠየቀው በእጥፍ የተሻለ ማድረግ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ከዚህ ቁጥር በቀጭን ውፍረት ለመድረስ ግን ከሁሉ የሚመቸው ፖሊአይሶሲያኑሬት የተባለው ጠጣር አረፋ ሲሆን፣ ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተለውና የማይቀጣጠለው የድንጋይ ሱፍ ያንኑ ውጤት ለመስጠት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ውፍረት ይፈልጋል። ስለዚህ አረፋው ተመረጠ፤ አረፋው ግን ይነዳል።

(ምስል፦ ለሁለት የተቆረጠ የልባስ ጠፍጣፋ በቅርበት)

ልባሱ ከአረፋው የባሰ ነበር። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት የአሉሚኒየም ገጾች መካከል ፖሊኢትሊን የተባለ፣ ሲሞቅ ቀልጦ የሚንጠባጠብና አጥብቆ የሚነድ የ3 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ነበረበት። የ«ቢ» ክፍል የውጭ ግድግዳ የሕንፃው ከፍታ፣ አገልግሎትና አቀማመጥ ግምት ውስጥ ገብቶ የእሳትን መዛመት በበቂ ሁኔታ እንዲቋቋም ያዛል። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ግንበኞች በተግባር የሚከተሉት ግን ከደንቡ ሥር የወጣውን መመሪያ ሲሆን፣ መመሪያው ልባሱን በሚመለከት «ክላስ ዜሮ» በሚባል፣ በዋነኛነት የቁሱን ገጽ በሚፈትን ደረጃ ይረካ ነበር። ገጹ ደግሞ አሉሚኒየም ነው።

በኋላ በሕንፃው ላይ የደረሰውን እሳት ከመረመረው አጣሪ ኮሚሽን መዝገብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ረጅም አይደለም። ለእድሳቱ የተቀጠረው የእሳት ደኅንነት አማካሪ በኖቬምበር 2013 ያወጣው የስልት ረቂቅ ሦስተኛ እትም ሲሆን፣ በውጭ ግድግዳ በኩል ስለሚዛመት እሳት ዋናውን ፍርድ የሰጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የታቀዱት ለውጦች በዚህ ረገድ ጉዳት ያመጣሉ ተብሎ እንደማይታሰብ፣ ይህ ግን በቀጣይ እትም በሚቀርብ ትንተና እንደሚረጋገጥ ይናገራል። ቀጣይ እትም አልወጣም። አማካሪው የልባሱን ዝርዝር ሳይመረምር ቀረ፤ አርክቴክቱ የእሳቱ ጉዳይ በአማካሪው እጅ ያለ መሰለው፤ በ2014 ሥራውን የተረከበው ተቋራጭ አማካሪውን በመደበኛ ውል አላስቀጠለም፤ የሕንፃ ቁጥጥር ክፍሉም፣ መርማሪው በሥራ ብዛት በተጨናነቀበት ወቅት፣ ረቂቁ በፋይሉ ውስጥ እያለ የጎደለውን እትም አልጠየቀም። ሰነዱን ያነበቡ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፣ ያልተማሩም አልነበሩም። ይሁንና ሁሉም የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ግማሽ ይዘው ሁለተኛውን ግማሽ ለሌላ ሰው ተዉት፤ በጁላይ 2016 የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀቱ ተሰጠ። ሁሉም ፊርማ በቦታው ነበር።

(ድምፅ፦ ዝምታ፤ ከዚያ የትረካው ድምፅ ዝግ ብሎ)

በጁን 14 ቀን 2017 ከሌሊቱ 12፡54 በእንግሊዝ ሰዓት፣ ከአራተኛ ፎቅ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። በአንድ ወጥ ቤት ከማቀዝቀዣ የተነሣው እሳት በመስኮቱ ዙሪያ አልፎ ወደ ልባሱ ገባ፤ በልባሱና በማገጃው መካከል ያለው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ሳበው፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጊዜም ከጣሪያው ደረሰ። 72 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ይገኙበታል፤ እሳቱ የተነሣበት ቤት ነዋሪ ምንም ጥፋት እንደሌለበትም ኮሚሽኑ አረጋግጧል።

በቀድሞው ዳኛ ማርቲን ሙር ቢክ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 2019 ባወጣው የመጀመሪያ ዘገባው፣ የታደሰው ግድግዳ ደንቡን ያላሟላ ከመሆኑም በላይ እሳቱን ራሱ ያስፋፋ እንደነበር ደመደመ። በሴፕቴምበር 2024 የወጣው ሁለተኛው ዘገባ ደግሞ ወደ ኋላ ርቆ ሄደ፦ በ1991 በኖውስሊ፣ በ1999 በስኮትላንዷ ኧርቪን እሳት በውጭ ግድግዳ ወጥቶ ነበር፤ በ2001 ለመንግሥት በተደረገ ሙከራም ይኸው የፖሊኢትሊን ልባስ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ20 ሜትር በላይ ነበልባል አስነሥቶ ነበር። የሙከራው ውጤት አልታተመም፤ «ክላስ ዜሮ»ም ከመመሪያው አልወጣም። ከዚህ በኋላ ጥፋቱን በአንድ የሕንፃ ቁጥጥር መርማሪ ላይ ብቻ መጫን አስቸጋሪ ነው።

(ምስል፦ ሴፕቴምበር 2025፤ የማፍረስ ሥራው ጅማሬ)

የዚህ ዝግጅት የመጀመሪያ ዕቅድ ትረካውን በአዲሱ ሕግ ጥብቅነት ለመዝጋት ነበር። በዲሴምበር 2018 ከ18 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው መኖሪያ ሕንፃዎች የውጭ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ቁሶች ታገዱ፤ በ2022 የወጣው የሕንፃ ደኅንነት አዋጅም እንዲህ ያሉትን ሕንፃዎች የሚቆጣጠር ብሔራዊ ተቆጣጣሪ አቋቋመ፤ ተቆጣጣሪው ሳይፈቅድ ትልቅ እድሳት እንዳይጀመር፣ የሕንፃውም መረጃ ሳይቆራረጥ እንዲያዝ አዘዘ። ሁሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ግሬንፌል መፍረስ በጀመረበት ጊዜ፣ እድሳቱ ሊመልሰው የተነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ማለትም የብርዱ ጥያቄ፣ በሌሎች ሕንፃዎች እንደነበረ ቆይቷል። አደገኛው ልባስ ከተነሣላቸው ሕንፃዎች አንዳንዶቹ አዲስ ልባስ እስኪያገኙ ድረስ የብርዱን ወራት በተራቆተ ግድግዳ አሳልፈዋል። የአገሪቱ ሕግ ደግሞ እስከ 2050 የበካይ ጋዝ ልቀትን ወደ ተጣራ ዜሮ ማውረድን ግዴታ ስላደረገ፣ ነባር ቤቶችን ማደሱ የሚቀር ሥራ አይደለም።

ዛሬ 0.15 ላይ ለመድረስ የድንጋይ ሱፍ የሚመርጥ መሐንዲስ 25 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ውፍረት ማሰብ አለበት፤ ይህም የመስኮቱን ደፍ፣ የማሰሪያውን ብረትና ግድግዳው የሚሸከመውን ክብደት ስለሚለውጥ፣ እያንዳንዱ ለውጥ የራሱን ስሌትና የራሱን ማስረጃ ይጠይቃል። በነባር ረጅም ሕንፃ ላይ ለሚቀርብ ማመልከቻ ሕጉ ለተቆጣጣሪው የሰጠው ጊዜ 8 ሳምንት ሲሆን፣ አዲሱ ሥርዓት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሳኔዎች ከዚህ እጅግ ሲዘገዩ ታይቷል። መዘግየቱ ከፊሉ ከሠራተኛ እጥረት፣ ከፊሉ ደግሞ አመልካቾች ያልተሟላ ሰነድ ይዘው ከመቅረባቸው የመጣ ነው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ በሚያልፈው የብርድ ወቅት የማሞቂያውን ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ነው።