የአቃቂ ወንዝ አንድ ነው፦ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አባ ሳሙኤል

አዲስ አበባ ወንዝ የበዛባት ከተማ መሆኗን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ወንዞቿ በመሠረቱ አንድ ወንዝ መሆናቸውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ፣ ባንቲይቀጡ፣ ቡልቡላ እየተባሉ የሚጠሩት ጅረቶች ለየሰፈሩ ሰው የየራሳቸው መነሻና መድረሻ ያላቸው፣ አንዱ ከሌላው የማይገናኝ ይመስላሉ። ከአንዱ ድልድይ እስከ ሌላው ድልድይ የውኃው ስም ይለወጣል፤ ስሙ በተለወጠ ቁጥርም ኃላፊነቱ የተለወጠ ይመስላል። የመሬቱን አቀማመጥ በጥሞና ለሚመረምር ግን እነዚህ ሁሉ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ግንዱም አቃቂ ነው። ይህን ተጨባጭ ሐቅ መገንዘብ ለጂኦግራፊ ተማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በወንዙ ዳር ጎጆ የቀለሰው የቀን ሠራተኛ፣ በውኃው ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው አትክልተኛ፣ የሰፈሩን ቦይ የሚያስጠርገው ማኅበር፣ በፋብሪካ ውስጥ የፍሳሽ መክፈቻ የሚያዞረው ባለሙያ፣ ሁሉም የሚኖሩት በዚህ ሐቅ ውስጥ ነው።

ከላይ እንነሣ። ከፍታው እስከ 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የእንጦጦ ሸንተረር ለከተማዋ የብርድና የባሕር ዛፍ ምንጭ ብቻ ሳይሆን ውኃን ለሁለት የሚከፍል ድንበር ነው። በሰሜናዊው ገጹ ላይ የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ዐባይን ይቀላቀላል፤ መጨረሻውም ሜዲቴራኒያን ባሕር ነው። ከዚያው ሸንተረር ላይ ጥቂት እርምጃ ወደ ደቡብ አልፎ የወረደው ጠብታ ግን ዕጣው ፈጽሞ ሌላ ነው። እርሱ በአዲስ አበባ መካከል ያልፋል፤ አቃቂ ይሆናል፤ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአፋር ምድር፣ ከጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ፣ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕር አያይም። ይህ ነጥብ ከሁሉ በላይ በአእምሮአችን ሊቀረጽ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የዓለም ከተሞች ለክፉም ሆነ ለደግ ቆሻሻቸውን ለባሕር ሲያስረክቡ፣ እኛ የምንጥለው ከአገር የሚወጣበት በር የለውም። በግድብ ውስጥ ይተኛል፣ በማሳ ላይ ይረጋል፣ ወይም ወደ ጉድጓድ ውኃ ይሰርጋል።

አቃቂ ሁለት ክንዶች አሉት። ምሥራቁን የሚያጠቃልለው ትልቁ አቃቂ ይባላል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ምዕራቡን የሚያካልለው ትንሹ አቃቂ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ሁለቱ ከከተማዋ በስተደቡብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ይገናኛሉ። በዙሪያቸውም እንጦጦ በሰሜን፣ ወጨጫ በምዕራብ፣ ፉሪ በደቡብ ምዕራብ፣ የረር በደቡብ ምሥራቅ እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ከተማዋ የተሠራችው እንግዲህ በአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ነው፤ ሳሕኑ የሚንጠፈጠፍበት አፍም አንድ ብቻ ነው።

የትልቁ አቃቂ ገባሮች በመሐል ከተማ ኗሪ ዘንድ ይበልጥ የታወቁት ናቸው። ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ ስሙን ለሰፈሩ ሰጥቷል፤ ግንፍሌም እንደዚሁ። ቀጨኔና ቁርጡሜ ከሰሜኑ ተዳፋት ወደ መሐል ከተማ እየወረዱ ከባንቲይቀጡ ጋር ይተሳሰራሉ። ባንቲይቀጡ ፍልውኃን ታክኮ የሚያልፈው ወንዝ ነው፤ ፊንፊኔ በሚለው ስም የሚታወቀውና አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰው እንዲሰፍርበት ምክንያት የሆነው የፍል ውኃ ምንጭም እዚያው ነው። በሌላ አነጋገር ከተማዋ የተወለደችው በወንዝ ዳር ነው፤ ዛሬ ጀርባዋን የሰጠችውም ለዚሁ ወንዝ ነው። እነዚህ ጅረቶች እየተቀላቀሉ ቡልቡላ በሚል ስም በቦሌ በኩል ወርደው፣ ከሰሜን ምሥራቅ ከለገዳዲ በኩል ከሚመጣው ዋና አቃቂ ጋር ይገናኛሉ።

ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ከገፈርሳ በኩል ተነሥቶ በኮልፌ አድርጎ በመካኒሳ፣ በጎፋና በቃሊቲ ይወርዳል። ስሙ ትንሹ ይባል እንጂ ሸክሙ ትንሽ አይደለም። የከተማዋ ቄራ፣ የቆዳ ፋብሪካዎች፣ የመጠጥና የአልኮል ማምረቻዎች ለብዙ ዘመን የተተከሉት በእርሱና በገባሮቹ ዳር ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፋብሪካ ውኃ ይፈልጋል፤ የተጠቀመበትንም ውኃ የሚያስወጣበት ቦታ ይፈልጋል፤ ወንዝ ሁለቱንም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያልተከፈለው ሂሳብ ግን አልጠፋም፤ ከታች ባለው ሰው ላይ ተጻፈ።

አሁን ወደ ዋናው ቅራኔ እንምጣ። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከዚሁ ከአቃቂ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የገፈርሳ ግድብ የቆመው በትንሹ አቃቂ ራስ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ፣ ኋላም የተጨመረው የድሬ ግድብ፣ ሁለቱም በትልቁ አቃቂ የላይኛው ተፋሰስ ውስጥ ናቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ ከተማዋ በደቡብ በአቃቂ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙ ውኃ ታወጣለች። ስለዚህ ወንዙን ከራሱ ላይ እንቀዳዋለን፤ በወገቡ ላይ እናቆሽሸዋለን፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ እንደገና ጉድጓድ ቆፍረን እንጠጣለን። የአቃቂ ሸለቆ ዓለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ስንጥቅና ቀዳዳ የበዛበት ዓለት ነው። ጉድጓዶቹን በውኃ የሚሞላው ይኸው ስንጥቅ ሲሆን፣ ከላይ የፈሰሰውንም ወደ ታች የሚያሰርገው እርሱ ነው። ዓለት ንጹሑን አሳልፎ ቆሻሻውን የሚያስቀር ዘበኛ አይደለም።

ይህ ሲባል «ወንዙን የሚያቆሽሸው በዳሩ የሰፈረው ድሃ ነው» የሚል ወገን እንደሚነሣ የታወቀ ነው። አባባሉ በከፊል እውነት ስለሆነ አሳሳች ነው። በወንዝ ዳር ያለ ቤተሰብ ቆሻሻውን ወደ ገደሉ እንደሚደፋ፣ የሽንት ቤቱንም ፍሳሽ በቱቦ ወደ ጅረቱ እንደሚለቅ ማንም አይክድም። ነገር ግን ጥያቄው ሌላ አማራጭ ነበረው ወይ የሚለው ነው። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ጠባብ ሰፈር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጥ መኪና የማይገባበት ኮረብታ፣ የቆሻሻ ገንዳ ያልቆመበት መንደር፣ እነዚህ በነዋሪው ስንፍና የተፈጠሩ አይደሉም። ከዚህም ሌላ ፍሳሹን በድብቅ ከዝናብ ቦይ ጋር ያገናኘ ባለ ፎቅ ሕንፃ ከድሃው የሚለየው ቱቦው ስለተቀበረና ስለማይታይ ብቻ ነው። የሚታየውን ቆሻሻ የሚያወግዝ፣ የማይታየውን የሚያልፍ ሰው የወንዙን ጉዳይ ገና አልተረዳም።

የዚህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው ከታች ነው። በመካኒሳ፣ በጎፋና በአቃቂ የወንዙ ዳርቻዎች ለብዙ ዓመታት አትክልት ሲለማ ኖሯል። ጎመኑ፣ ሰላጣው፣ ቆስጣውና ካሮቱ ለከተማዋ ገበያ ሲቀርብ፣ ውኃውም የሚቀዳው ከዚሁ ከአቃቂ ነው። በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ የሳይንስ ጥናቶች በአፈሩና በቅጠሉ ላይ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ንጥረ ነገር ነው፤ ጎመን በራሱ ፈቃድ አልፈጠረውም። ይሁንና ወሬው በወጣ ቁጥር ገበያ የሚዘጋበት አትክልተኛው ነው። ውኃውን ያቆሸሸው ሌላ ነው፤ በቆሸሸው ውኃ የሚሠራው ሌላ፤ የሚከሰሰው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። አትክልቱም ተመልሶ የሚበላው በላይኛው ሰፈር ነውና ወንዙ ቁልቁል የወሰደውን ሰው በዘምቢሉ ሽቅብ ተሸክሞ ይመልሰዋል።

ስለ ክረምቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ከእንጦጦ እስከ ቦሌ ያለው መሬት በአጭር ርቀት ውስጥ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ተዳፋቱ ሣር በለበሰበት ዘመን አፈሩ ከዝናቡ ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ ዛሬ ጣሪያ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ አንድም ጠብታ አይጠጡም። በደረቅ ወራት አንድ ሕፃን የሚዘለው ጅረት በአንድ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚወስድ ጎርፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. በከተማዋ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። በቦይ ውስጥ የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ትንሽ ነገር ይቆጠራል፤ የድልድይ አፍ የሚዘጋው ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ጥርቅም ነው።

ሁለቱ ክንዶች የሚገናኙበት አባ ሳሙኤል የዚህ ታሪክ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግድቡ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያም በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ለከተማዋ ብርሃን ከሰጠ በኋላ ሥራ አቁሞ ቆየ፤ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሐይቁ ግን እንደ ተርባይኑ በቀላሉ አልታደሰም። ከላይ የተሸረሸረው አፈር ደለል ሆኖ ተኝቶበታል፤ በፍሳሹ የሰባው እምቦጭም ገጹን ሸፍኖታል። እምቦጭ በንጹሕ ውኃ ላይ እንዲህ አይፋፋም። የአረሙ ምንጣፍ ከከተማዋ የተላከ ደብዳቤ ነው፤ ላኪውን ለማወቅ ማንበብ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በታች ውኃው አዋሽን ተቀላቅሎ ወደ ቆቃ ግድብ ይገባል፤ እዚያም የሚጠጣ፣ የሚያጠምድና የሚያለማ ሕዝብ ይጠብቀዋል።

ምንም አልተሠራም ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። የአካባቢ ብክለትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቀድሞ ከነበረው አነስተኛ አቅም ተነሥቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ለማጣራት እንዲችል ተደርጎ ተስፋፍቷል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻዎች ልማት ደግሞ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ዕቅድ ይዞ ተነሥቷል። ዳርቻ ማስዋብ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ ጀርባዋን ለወንዙ የሰጠችው ከተማ ፊቷን እንድትመልስ ያደርጋል። ሆኖም በአበባ መካከል የሚፈስ ጥቁር ውኃ አሁንም ጥቁር ውኃ ነው። ማጣሪያ ጣቢያም የሚያጣራው በመስመር የደረሰለትን ብቻ ነው። ስለሆነም የሥራው ዋና ክፍል በዳሩ ላይ ሳይሆን ከመሬት በታች፣ እያንዳንዱን ቤትና እያንዳንዱን ፋብሪካ ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር በሚያገናኘው ቱቦ ላይ ነው። ይህ ሥራ ለምረቃ ሪባን የማይመች መሆኑ አስፈላጊነቱን አይቀንሰውም።

እዚህ ላይ የሠራተኛው ድርሻ ተለይቶ መታየት አለበት። የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይጣራ ሲለቀቅ የሚያየው የመጀመሪያው ሰው ሠራተኛው ነው። የትኛው ገንዳ እንደሞላ፣ የማጣሪያው ሞተር መቼ እንደቆመ፣ መክፈቻው በሌሊት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዞር ከማንም በፊት ያውቃል። ያው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከፋብሪካው በታች ነው፤ ልጆቹ የሚጫወቱት በዚያው ውኃ ዳር ነው። የፋብሪካው ደጅና የቤቱ ደጅ በአንድ ወንዝ የተያያዙበት ሰው የማጣሪያውን ነገር የአሠሪ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ሊተወው አይችልም። በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከደመወዝና ከደህንነት ጫማ ጎን የማጣሪያው ሁኔታ አጀንዳ ሆኖ ሊቀርብ ይገባል። የደህንነት ጥያቄ ነውና።

የሰፈር ማኅበራትና እድሮችም ይህን ሥራ ለመጀመር የተለየ በጀት አያሻቸውም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት የተፈጥሮው ውኃ ስለሚያንስ በጅረቶቹ ውስጥ የሚፈሰው አብዛኛው ፍሳሽ ነው፤ በመሆኑም እያንዳንዱ ቱቦ ከየት እንደሚመጣ በዓይን ይታያል። በዚህ ወቅት ማኅበሩ በድንበሩ ውስጥ ያለውን የጅረት ዳር በእግሩ ተጉዞ የሚወጡትን ቱቦዎች ቢቆጥር፣ ከየትኛው ግቢ እንደሆኑ ቢመዘግብ፣ መዝገቡንም ለወረዳው ከማቅረቡ በተጨማሪ ከላይና ከታች ካሉት ማኅበራት ጋር ቢያስተያይ፣ ከቀጨኔ እስከ ቡልቡላ ያለው መስመር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በወረቀት ላይ ሊሰፍር ይችላል። የላይኛው ሰፈር ዝርዝር ከታችኛው ካልተያያዘ ግን ግማሽ ካርታ ነው፤ የቀበና ማኅበር የግንፍሌን ሳያይ የወንዙን ሁኔታ ሊናገር አይችልም። ሰኔ ከገባ በኋላ ጎርፉ የቱቦዎቹን አፍ ይሸፍናል፤ ጥቁሩም ውኃ ከቡናማው ጋር ተቀላቅሎ ከማን ግቢ እንደወጣ መለየት እስከሚቀጥለው በጋ ድረስ አይቻልም።