አዳሪ ወይስ ተመላላሽ፤ የጉርድ ሾላ ወላጅ ሊያስበው የሚገባ ሒሳብ

በጉርድ ሾላና በአካባቢው የሚኖርና ልጁ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰለት ወላጅ ክረምቱን የሚያሳልፈው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው። ልጁን በአቅራቢያው ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባው ወይስ ከኑሮው ቀንሶ ማደሪያ ላለው የግል ትምህርት ቤት ይስጠው? ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። «የግል» የሚለው ቃል የሚነግረን ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል ነው፤ «አዳሪ» የሚለው ደግሞ ልጁ ሌሊቱን የት እንደሚያድር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ሁለቱ ተለያይተው ካልታዩ ወላጁ ምን እንደሚገዛ ሳያውቅ እንደሚከፍል ነው።

በአገራችን አዳሪነት ከግል ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ዜማና ቅኔ ለመማር ከዘመድ ርቆ ይሄዳል፤ በየኔታው ደጅ ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ርቀቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለእናቱ ቤት የቀረበ ተማሪ ልቡ ወደ ማጀት እንደሚሳብ ሊቃውንቱ ያውቁ ነበርና። ዘመናዊው ትምህርትም ከጣልያን ወረራ በኋላ እንደገና ሲቋቋም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። በ1935 ዓ.ም. ከጉርድ ሾላ ብዙ በማይርቀው በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በብሪቲሽ ካውንስል እርዳታ የቆመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም እንዲሁ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ብዙዎቹ ተማሪዎች የመጡት ከእነዚህ ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ነበሩ፤ ተማሪውም የሚገባው በገንዘብ ሳይሆን ተመርጦ ነው።

የእንግሊዞቹ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። ኢተን የተባለውን ትምህርት ቤት ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ በ1440 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የመሠረቱት ለ70 ድኻ ተማሪዎች ነበር። ዛሬ ግን ከአገሩ ውድ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆኖ ሳለ እንግሊዞች እስካሁን «የሕዝብ ትምህርት ቤት» እያሉ ይጠሩታል። ስም ከነገሩ ወደ ኋላ ሲቀር እንዲህ ነው።

ወደ ዛሬው ጉዳያችን እንመለስ። ወላጅን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚገፋው በይበልጥ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በእነዚሁ ዓመታት በአዳሪነት የሚያስተምሩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ውጤት ከሌላው ጎልቶ ታየ። ወላጁም ይህን ሰምቶ «ልጄ ቢያድር ያልፍ ነበር» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ልዩ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን የሚቀበሉት አስቀድመው በፈተና መርጠው ነው። ከአንድ ዞን ብልሆቹን ለይቶ የወሰደ ትምህርት ቤት በመጨረሻው ፈተና ብልሆች ቢያወጣ፣ ማደሪያው ምን ያህል እንደረዳቸው ከውጤቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። እህሉን አበጥሮ ወደ ወፍጮ የወሰደ ሰው ዱቄቱ ንጹሕ በመሆኑ ወፍጮውን ብቻ ሊያመሰግን አይገባም።

ይህን ውስብስብ ነገር ለመፍታት አንዱ መንገድ ዕጣ ነው። አመልካቾቹ ከቦታው ሲበዙ ዕጣ ይጣላል፤ ከዚያም የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ልጆች ይነጻጸራሉ፤ ሁለቱም ወገኖች በፍላጎትም በችሎታም ተመሳሳይ ናቸውና። በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ሲድ በሚባለው፣ ከድኻ ሰፈር የመጡ ልጆች በነጻ በሚያድሩበት ትምህርት ቤት በዚህ መንገድ የተደረገው ጥናት በንባብም በሒሳብም ግልጽ መሻሻል አግኝቷል። በፈረንሳይ ከፓሪስ በስተምሥራቅ በሱርደን በተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት የተደረገውና በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመው ጥናት ግን ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። በመጀመሪያው ዓመት የልጆቹ ትምህርት አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ደስታቸው ቀነሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሒሳብ ብልጫ አሳዩ፤ ይህም ብልጫ በይበልጥ የተገኘው ሲገቡም ጠንካራ ከነበሩት ዘንድ ነው። ደካሞቹ ከቤት መለየቱን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ይህ ግኝት በከተማችን ከሚሠራበት ልማድ ጋር ይጋጫል። ብዙ ወላጅ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመስጠት የሚያስበው ጎበዙን ሳይሆን ያስቸገረውን ልጅ ነው፤ «ጠባዩ ይታረም፣ ከሰፈር ጓደኛ ይራቅ» በሚል። እኛ እንደሚመስለን ይህ ከሁሉ የሚያስፈራው ውሳኔ ነው። በትምህርቱ የደከመና በቤቱ የተቀየመ ልጅ፣ መለየቱ በቅጣት መልክ ሲመጣበት፣ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በመጽሐፍ ላይ ሳይሆን በኩርፊያ ነው። ገንዘቡም የሚከፈለው በዚያው ዓመት ነው።

ታዲያ አዳሪነት በእርግጥ የሚሰጠው ምንድን ነው? ጊዜ ነው። ምሳሌ እናስላ። ከጉርድ ሾላ ተነሥቶ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ በመሄድ አንድ ሰዓት፣ በመመለስ አንድ ሰዓት ቢያጠፋ፣ በሳምንት 10 ሰዓት፣ በ40 የትምህርት ሳምንት 400 ሰዓት ይሆናል። የትምህርት ቀን 7 ሰዓት ነው ብንል ይህ ከ57 ቀን ይበልጣል። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በጉርድ ሾላ በኩል ማለፉ ለሰፈሩ ብዙ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጠዋት መገናኛ ላይ የሚታየውን የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው ሒሳባችንን የተጋነነ አይለውም። በአንጻሩ ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት በእግሩ የሚሄድ ልጅ ይህ ኪሳራ የለበትም። ለእርሱ አዳሪነት የሚጨምርለት የማታው ጥናት ብቻ ነው፤ እርሱንም በቤቱ ጸጥ ያለ ጥግ ካለው አያጣውም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአራት ታናናሾቹ ጋር የሚያጠና ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለ ገንዘቡም ሲታሰብ ጠቅላላውን ክፍያ ከዜሮ ጋር ማወዳደር ስሕተት ነው። ልጁ በቤቱም ይበላል፤ የትራንስፖርትና የአስጠኚ ዋጋም ይወጣለታል። እነዚህ ከክፍያው ላይ ሲቀነሱ የሚቀረው ነው የአዳሪነቱ እውነተኛ ዋጋ። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ እያበላ፣ ደብተርና የደንብ ልብስም እየሰጠ ነው። ስለዚህ ለታናናሾቹ ልጆች የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ጥቅም ከቀድሞው ከፍ ብሏል፤ ከዘጠነኛ ክፍል በታች ያለን ልጅ ከቤት የሚያስወጣ በቂ ምክንያትም አይታየንም።

ስለ ሌሊቱ ግን ገና አልተናገርንም። ትምህርት ቤት ለመምረጥ የሚሄድ ወላጅ ዘወትር የሚያሳዩት ቤተ ሙከራውንና ኮምፒዩተሩን ነው፤ የሚሄደውም በቀን ነው። የሚገዛው ግን ሌሊቱን ስለሆነ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዶ ቢያይ ይሻለው ነበር። በመኝታ አዳራሹ ከልጆቹ ጋር የሚያድረው አዋቂ ማን ነው? ስንት ልጅ በአንድ ሰው ኃላፊነት ሥር ነው? ልጅ በሌሊት ቢታመም ወዴት ይወሰዳል? ለእናቱ መደወልስ በፈቀደ ጊዜ ይችላል ወይ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። ተመላላሽ ልጅ ቢመታ ማታ እናቱ ሰንበሩን ታያለች፤ የአዳሪውን ግን የሚያየው ራሱ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ወላጅ በማንኛውም ሰዓት እንዳይገባ የሚከለክል ትምህርት ቤት ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምር እንኳ ባይመረጥ ይሻላል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ነገር እናክል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአራት ኪሎ ተማሪ ቅርብ ነው፤ ለጉርድ ሾላ ልጅ ግን በማታ የሚደረስበት አይደለም። በአንጻሩ የየሰፈሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ባዶውን ይውላል። ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ መምህርና በአንድ ዘበኛ ጥበቃ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ቢሆን፣ ልጁ አዳሪው የሚያገኘውን የጥናት ሰዓት አግኝቶ ራቱን በቤቱ ይበላል። ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን በአንድ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ተሞክሮ ቢሰላ ለዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ጥሩ የጥናት ርእስ ይወጣዋል።