ለአስታራቂ የሚሰጥ ሽልማት

በሐራ፣ በመርሳ፣ በወልድያና በአካባቢው ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ንግግር ዛሬ በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ኋላ ደግሞ በወረቀት ታትሞ ሲደርሳችሁ በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። ከባድ ቃል ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ። ቀስ ብላችሁ ድገሙት።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ሽልማት ነው። ሽልማት ሲባል ለሯጭ፣ ለጀግና ወይም ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ብቻ ይመስለናል። ይህ ግን ለአስታራቂ የሚሰጥ ሽልማት ነው። የኒዋኖ የሰላም ሽልማት ይባላል። የሚሰጠው በጃፓን አገር ነው። ሐሳቡ የመነጨው ከቡድሃ ትምህርት ነው።

“ታዲያ የጃፓን ሽልማት ለሐራ ገበሬ ምኑ ነው?” ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድና መልሱን እንፈልገው።

ሽልማት ምን ይሠራል?

ሽልማት በጎ ሥራን ለሕዝብ ማሳያ ነው። ለደከመ ሰው “ሥራህን አይተናል፣ በርታ” ማለት ነው። አገራችንም ሽልማት አግኝታ ታውቃለች። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ብዙም ሳይቆይ በዓለም ታወቀ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተሰጠው። ዩኔስኮ ማለት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ነው። ያን ሽልማት ያስገኘው አስተማሪው ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። ከእርሻ ገብቶ፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠረው ሰው ጭምር ነው።

ነገር ግን ሽልማት ዋስትና አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ለኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዐቢይ አሕመድ ተሰጠ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ወልድያና እስከ እናንተ ቀዬ ድረስ መጣ። ያየ ሰው ሌላ ነጋሪ አያስፈልገውም። በፕሪቶሪያ ተኩስ ለማቆም የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ስለ ሽልማት ስንሰማ ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ለማን ተሰጠ? ሁለተኛ፣ ያ ሰው ምን ሠራ? ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር ስንናገር ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን። በእኛ አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀንሳል።

ቡድሃ ማን ነው? ኒዋኖስ ማን ነው?

ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት፣ ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር፣ ሲዳርታ የሚባል የመስፍን ልጅ ተወለደ። ቤቱ የሞላ ነበር። ሆኖም ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን ባየ ጊዜ ልቡ ተጨነቀ። የሰው መከራ ከምን እንደሚመጣ ሊመረምር ቤቱን ትቶ ወጣ። ኋላ ተከታዮቹ ቡድሃ ብለው ጠሩት። የነቃ ሰው ማለት ነው። ቡድሃ ነፍስ መግደልን ከለከለ። የመከራም ሥሩ ስስት፣ ቁጣና አለማወቅ ነው ብሎ አስተማረ።

ከቡድሃ እምነት መጻሕፍት አንዱ የሎተስ ሱትራ ይባላል። ሎተስ በውሃ ላይ የሚያብብ አበባ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ መነኩሴ የሚነገር ታሪክ አለ። መነኩሴው ያገኘውን ሰው ሁሉ እጅ ይነሣል። ማንንም አይንቅም። ሰዎች ተቆጥተው በዱላና በድንጋይ ያባርሩታል። እሱም ራቅ ብሎ ይቆምና እንደገና በአክብሮት እጅ ይነሣቸዋል። የታሪኩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ደግነት አለ። የሚጠላህም ሰው ቢሆን አለው።

ይህን ትምህርት ኒክዮ ኒዋኖ የሚባሉ ጃፓናዊ አጥብቀው ያዙት። ኒዋኖ በ1906 በገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ወደ ቶኪዮ ከተማ ሄደው ወተት እያዞሩ ይሸጡ ነበር። በ1938 ሪሾ ኮሴይ ካይ የሚባለውን የቡድሃ እምነት ማኅበር ከአንዲት ሴት ጋር መሠረቱ። የሴትየዋ ስም ምዮኮ ናጋኑማ ነው። በ1965 ኒዋኖ ወደ ሮም ሄደው ከካቶሊኩ ጳጳስ ከጳውሎስ ስድስተኛ ጋር ተገናኙ። በ1970 የብዙ እምነት መሪዎች በጃፓን ከተማ በኪዮቶ ስለ ሰላም ሲሰበሰቡ፣ ጉባኤውን ካቋቋሙት አንዱ ኒዋኖ ነበሩ። በ1978 በስማቸው የሰላም ድርጅት ተቋቋመ። ይኸው ድርጅት ከ1983 ጀምሮ ሽልማቱን መስጠት ያዘ። ኒዋኖ በ1999 አረፉ።

ሽልማቱ ለማን ይሰጣል?

ሽልማቱ የተለያየ እምነት ያላቸውን ሰዎች አቀራርቦ ለሰላም ለሠራ ሰው ወይም ማኅበር ይሰጣል። ተሸላሚው የምስክር ወረቀት፣ ሜዳሊያና ገንዘብ ይቀበላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽልማቱ ከቡድሃ ትምህርት ቢመነጭም ለቡድሃ አማኞች ብቻ አይሰጥም። የ1983 የመጀመሪያው ተሸላሚ ካቶሊክ ነበሩ። የድሆች ጠበቃ የነበሩት የብራዚሉ ሊቀ ጳጳስ ሄልደር ካማራ ናቸው። በ1987 የዓለም ሙስሊም ኮንግረስ ተሸለመ። በ2006 በእስራኤል የሚገኙ የአይሁድ መምህራን ማኅበር ተሸለመ። ሽልማቱ የማንን ሃይማኖት ነህ ብሎ አይጠይቅም። የሌላ እምነት ካለው ጎረቤትህ ጋር ምን ሠራህ ብሎ ይጠይቃል።

በ1992 የተሸለሙት የስሪላንካው መምህር አሪያራትኔ ናቸው። በ1958 ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ አንድ ድሃ መንደር ሄዱ። ከመንደሩ ሰው ጋር በጉልበታቸው ሠሩ። ይህ ሥራ ወደ ብዙ ሺህ መንደር ተስፋፋ። መንገድ ተጠረገ፤ ጉድጓድ ተቆፈረ። እኛ ደቦና ወንፈል የምንለው ማለት ነው። ይሁንና ያቺው አገር ከ1983 እስከ 2009 በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። ከሕዝቧ አብዛኛው የቡድሃ አማኝ ነው። ስለዚህ የእምነት ስም ብቻውን ሰላም አያመጣም። የሚያመጣው ሥራው ነው።

ሴቶችም ተሸልመዋል። በ2015 ናይጄሪያዊቷ ፓስተር አስቴር ኢባንጋ ተሸለሙ። ጆስ በምትባለው ከተማ ክርስቲያንና ሙስሊም ሲጋደል፣ የሁለቱን እምነት እናቶች አሰባስበው ለሰላም አብረው እንዲቆሙ አደረጉ።

አራት ሌሊት ከልጆች ጋር

አሁን ወደ ኡጋንዳ እንሂድ። ኡጋንዳ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። በሰሜን ኡጋንዳ አቾሊ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። በአገሩ ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጦርነት ነበር። አማፂዎቹ ሌሊት እየመጡ ልጆችን ይወስዱ ነበር። ወንዱን ልጅ ጠመንጃ ያሸክሙታል። ሴቷን ልጅ በግድ ሚስት ያደርጓታል። ስለዚህ ልጆች ሲመሽ ከየመንደሩ እየወጡ በእግራቸው ወደ ከተማ ይጎርፉ ነበር። በየሱቁ በረንዳና በየአውቶቡስ ጣቢያው ያድሩና ጠዋት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የአቾሊ የሃይማኖት መሪዎች ይህን አይተው አንድ ሆኑ። ካቶሊክ፣ አንግሊካን፣ ኦርቶዶክስና ሙስሊም አንድ ማኅበር አቋቋሙ። አማፂዎቹን ጫካ ገብተው አነጋገሩ። መንግሥትንም ለመኑ። ከአማፂው ወጥቶ መሣሪያውን የሚያስቀምጥ ሰው ምሕረት እንዲያገኝ ጠየቁ። የምሕረት ሕጉ በ2000 ወጣ።

በ2003 ደግሞ ሌላ ነገር አደረጉ። ጉሉ በምትባለው ከተማ ጳጳሳቱና ሼኹ አራት ሌሊት ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር አደሩ። አንድም መሣሪያ አልያዙም። “ልጆቻችን የሚያድሩበት ቦታ ለእኛም ይበቃናል” እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ዓለም ዞር ብሎ አየ። ማኅበሩ በ2004 የኒዋኖን ሽልማት አገኘ።

ከእነሱ አንዱ ጳጳስ ማክሊዮድ ኦቾላ ናቸው። ባለቤታቸው በ1997 ፈንጂ ላይ የወጣ መኪና ውስጥ ሞቱ። ኦቾላ ግን በቀልን ትተው ለዕርቅ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ይቅርታ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ የእኚህን ሰው ነገር ያስብ።

ሽልማቱ ጦርነቱን አስቆመ ወይ? አላስቆመም። በ2006 ድርድር ተጀመረና ሰሜን ኡጋንዳ ጋብ አለ። ሕዝቡ ከመጠለያ ወደ መንደሩ መመለስ ጀመረ። የአማፂው መሪ ግን የመጨረሻውን ስምምነት ሳይፈርም ቀረ። ዕርቅ እንዲህ አድካሚ ነው። አንድ ቀን ብቻ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

አቾሊዎች ማቶ ኦፑት የሚባል የቆየ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። ገዳዩ ያደረገውን በአደባባይ ይናገራል። ካሣ ይከፈላል። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች መራራ ሥር የተዘፈዘፈበት መጠጥ ከአንድ ቅል አብረው ይጠጣሉ። ምሬቱን አብረን ዋጥነው ማለት ነው። እውነቱ ካልተነገረ ግን ዕርቅ የለም።

በእኛስ አገር?

ይህን ስትሰሙ “እኛም ዘንድ አለ እኮ!” ሳትሉ አልቀራችሁም። አዎ፣ አለ። በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ። ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን ይሸሻል። የሟች ወገን ጠመንጃ ይወለውላል። ማሳው ጦሙን ያድራል። ሰው ገበያ መውጣት ይፈራል። ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። አስታራቂዎቹ በዚህ መሐል ገብተው ያሸመግላሉ፤ ካሣ ያስከፍላሉ፤ ደም ያደርቃሉ። ሼኹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቄሱም ይመርቃሉ።

በወሎ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች አብረው ይኖራሉ። ሠርግ ሲሆን ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑም ለብቻ ይታረዳል። ማንም ሳይበላ አይሄድም። ይህን ሁሉ ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማረንም። የጃፓኑ ሽልማት በዓለም ዙሪያ የሚፈልገው ሥራ በእናንተ ደጅ አለ። የሐራ ገበሬ መልሱ ይኸው ነው።

ግን በእጅ ያለ ወርቅ ሆኖ እንዳንረሳው። ሽማግሌ ያልፋል። ጦርነት ያየ ወጣት ከሽማግሌ ቃል ይልቅ ጠመንጃን ሊያምን ይችላል። ታዲያ ምን እናድርግ? አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። እናንተ ዛሬ መጻፍ ችላችኋል። ዕርቅ ሲደረግ ማን ከማን እንደታረቀ፣ ካሣው ስንት እንደሆነ፣ እነማን እንደመሰከሩ፣ ቀኑም መቼ እንደሆነ ጻፉት። አባባን ወይም እማማን ጠይቃችሁ የድሮውን የዕርቅ ሥርዓት በደብተር ላይ አስፍሩ። ያ ደብተር ሜዳሊያ የለውም። የአንድን ልጅ ሕይወት ግን ሊያተርፍ ይችላል።



ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩበት

1. የኒዋኖ ሽልማት ለማን ይሰጣል?
2. የአቾሊ መሪዎች ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ማደራቸው ምን ጠቀመ?
3. በእናንተ ቀበሌ ደም የሚያደርቁት እነማን ናቸው? ሥርዓቱን የሚያውቅ ወጣት አለ?
4. የምታውቁትን አንድ ዕርቅ በአምስት መስመር ጻፉ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።