የዲዝል ሎኮሞቲቭ ሞዴል፦ ቅርጽ ሲያንስ ፊዚክስ አያንስም

በብሪታንያ አዲስ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ሞዴል ገበያ ላይ በዋለ ቁጥር የባቡር ወዳጆች ጎራ ለይተው ይከራከራሉ። አንዱ የአፍንጫው ጉብታ ልክ አይደለም ይላል፤ ሌላው ጎማዎቹ ተጠጋግተዋል ብሎ ይወቅሳል፤ ሦስተኛው ቀለሙ ጠቁሯል፣ ድምፁም ሳስቷል ባይ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው የአሻንጉሊት ጭቅጭቅ ሊመስለው ይችላል። እያንዳንዱን ወቀሳ እስከ ሥሩ የተከተለ ግን አንድ ትልቅ የሳይንስ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፦ አንድን ነገር ከነባሕርይው ማሳነስ ይቻላል ወይ? ቅርጹን ማሳነስ ይቻላል። ክብደትን፣ እንቅስቃሴንና ድምፅን የሚገዙት ሕጎች ግን ከቅርጹ ጋር አብረው አያንሱም።

ለማሳያ የባቡር ወዳጆች እጅግ የሚወዱትን ዴልቲክ የተባለውን ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1962 በኒውተን ለ ዊሎውስ ከተማ 22 ዴልቲኮች ተሠሩ። እያንዳንዱ 3,300 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱ 100 ቶን ገደማ፣ ርዝመቱ 21 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከለንደን ኤደንብራ በሚወስደው መስመር ላይ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይከንፍ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ በብዛት በሚሠራበት ስኬል ሞዴሉ ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

የመጀመሪያው ችግር ክብደት ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው የአንድ ነገር ርዝመት ሲቀየር የገጹ ስፋትና ይዘቱ እኩል አይቀየሩም። ርዝመቱ 76 ጊዜ ሲያንስ ስፋቱ 5,800 ጊዜ ያህል፣ ይዘቱና ክብደቱ ደግሞ ከ430,000 ጊዜ በላይ ያንሳሉ። በዚህ ስሌት 100 ቶን የነበረው ዴልቲክ ወደ 230 ግራም ይወርዳል። ሎኮሞቲቭ የመጎተት ኃይሉን የሚያገኘው ጎማዎቹ ሐዲዱን ከሚጫኑበት ክብደት ስለሆነ 230 ግራም የሚመዝን ሞዴል ረጅም ባቡር ሲጎትት፣ በተለይም ዳገት ላይ፣ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። የትንንሾቹ ፉርጎዎች ሰበቃም ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ከእውነተኞቹ የበዛ ነው። ስለዚህ አምራቾች የሞዴሉን ወለል ዚንክ ከበዛበት ቅይጥ ብረት ይሠሩታል። የባቡር ወዳጅ አዲስ ሞዴል ሲገዛ በእጁ አንሥቶ የሚመዝነው ለዚህ ነው። ይህ ቅይጥ የራሱ ሥጋት አለው። እርሳስን የመሰለ ባዕድ ብረት በጥቂቱም ቢሆን ከገባበት ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እያበጠ ይሰነጣጠቃል።

ሁለተኛው የክርክር ርዕስ እንቅስቃሴው ነው። ዴልቲክ በፍጥነት እየሄደ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋ የ100 ቶኑ ግፊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ሞዴሉ ግን ኤሌክትሪኩ እንደተቋረጠ ቀጥ ሊል ይችላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የክብደቱ ማነስ ነው። ሌላው ሞተሩን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው የጠመዝማዛ ጥርስ አሠራር ነው፤ ሞተሩ ጎማውን ማዞር ይችላል፣ ጎማው ግን ሞተሩን መልሶ ማዞር አይችልም። መፍትሔው በሞተሩ ዘንግ ላይ ቮላኖ፣ ማለትም ከባድ የነሐስ ዲስክ፣ መግጠም ነው። ዲስኩ ሲሽከረከር ጉልበት ያከማቻል፤ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ቢቋረጥም ሞተሩን እያዞረ ያቆየዋል። ሐዲዱ ላይ ያለ አቧራ ሞዴሉን እንዳያንገጫግጨውም ይረዳል። አንድ ሞዴል በዝግታ ሲሄድ ሳይንቀጠቀጥ መሳቡ ከሁሉ በፊት የሚታይ ፈተና ነው።

በአንድ ነገር ግን ሞዴሉ ከእውነተኛው ጋር ይመሳሰላል። በእውነተኛው ዴልቲክ የናፍጣው ሞተር ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳል፣ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ሞዴሉንም የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው። በዘመናዊው ዲጂታል ቁጥጥር ሐዲዱ ዘወትር ኃይል ይይዛል፤ ትእዛዙ በዚያው ኃይል ላይ ተሳፍሮ በሐዲዱ በኩል ይደርሳል። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ በየ58 ማይክሮ ሰከንዱ ሲገለባበጥ «አንድ»፣ ቆየት እያለ ሲገለባበጥ ደግሞ «ዜሮ» ተብሎ ይነበባል። በሞዴሉ ውስጥ ያለች ትንሽ ሰሌዳ ይህን ፈትታ ፍጥነቱን፣ መብራቱንና ድምፁን ታዛለች።

ድምፅ ከመጣ ዘንድ ክርክሩ ይግላል። አምራቾች የሚቀዱት ከእውነተኛው ሞተር ነው፤ ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው ስፒከር ግን ከሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይጠይቃል፤ ትንሽ ስፒከር ያን አቅም የለውም። እዚህ ላይ ዴልቲክ ዕድለኛ ነው። ሎኮሞቲቩ ሁለት ሞተሮች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ 18 ሲሊንደሮች በሦስት ማዕዘን ተደርድረዋል፤ ሞተሮቹ በደቂቃ እስከ 1,500 ዙር ይዞሩ ነበር። ሞተሩ ባለሁለት ምት ስለሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር በየዙሩ ይተኩሳል። በሰከንድ 450 ፍንዳታ ማለት ነው፤ ይህም ትንሽ ስፒከር ሊያሰማው የሚችል ቀጠን ያለ ጩኸት ነው። በዚያው ዘመን የተሠራው ክላስ 37 የተባለው ሎኮሞቲቭ ግን ባለአራት ምት ሆኖ 12 ሲሊንደር ነበረው። ሥራ ፈትቶ በደቂቃ 450 ዙር ሲያጉረመርም በሰከንድ 45 ፍንዳታ ብቻ ያሰማል። በደረት የሚሰማውን ያን ጉርምርምታ ከእጅ መዳፍ የማይሰፋ ሞዴል ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ የክላስ 37 ሞዴል ድምፁ ሳስቷል የሚሉት ወዳጆች እውነት አላቸው፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የአምራቹ አይደለም።

ከሁሉ ያረጀው ክርክር የሐዲዱ ስፋት ነው። እውነተኛው መደበኛ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በትክክለኛው ልክ ለ76.2 ቢካፈል 18.83 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባ ነበር፤ የብሪታንያ ሞዴሎች ግን በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ይህ ልክ 87 ጊዜ ላነሰው የአውሮፓና የአሜሪካ ስኬል የተሠራ ስፋት ነው። የብሪታንያ ሎኮሞቲቮች በጠባብ ዋሻዎችና ድልድዮች ምክንያት ቁመናቸው ያነሰ ነበር፤ የጥንቱም የሞዴል ሞተር በዚያ ስኬል አካላቸው ውስጥ አልገባ አለ። አምራቾች አካሉን አሰፉት፣ ሐዲዱን ግን እንደነበረ ተዉት። ውጤቱም ዴልቲክ 1,257 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ሐዲድ ላይ የቆመ ያህል መምሰሉ ነው። ጥቂት ወዳጆች ሐዲዳቸውን በእጃቸው በ18.83 ሚሊ ሜትር ይዘረጋሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከጓደኞቻቸው ሞዴሎች ጋር መግጠሙ ይበልጣል ብለው ስሕተቱን ይቀበላሉ።

ስለዚህ ፍጹም ሞዴል የለም። ጥሩ ሞዴል ማለት የትኛውን እውነት መጠበቅ፣ የትኛውን መተው እንዳለበት በዕውቀት የወሰነ ነው። የባቡር ወዳጆች ክርክርም ይህን ውሳኔ አምራቹ አስቦበት እንዲያደርገው የሚያስገድድ የሕዝብ ምርመራ ስለሆነ ይጠቅማል እላለሁ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው መስመራችን የአንድ ሜትር ሐዲድ ነበር፤ 87 ጊዜ ሲያንስ ለዚህ የተመደበ የ12 ሚሊ ሜትር የሞዴል ሐዲድ በዓለም ገበያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ መደበኛ ስፋት ስላለው 16.5 ሚሊ ሜትሩ በትክክል ይስማማዋል። ዛሬ አምራቾች ቅርጹን የሚወስዱት በሌዘር ስካነር ከእውነተኛው አካል ነው፤ ለዴልቲክ ይህ የተቻለው ከ22ቱ ስድስቱ ስለተጠበቁ ነው። በድሬዳዋ የቆሙት አሮጌ የዲዝል ሎኮሞቲቮች ግን ዝገት እየበላቸው ነው። የቴክኒክ ተማሪዎችና መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎችና የባቡሩ የቀድሞ ሠራተኞች ተባብራችሁ አሁኑኑ ለኳቸው፣ ፎቶ አንሷቸው፣ ስካን አድርጓቸው። ልኩ በእጅ ካለ ሞዴሉን ከዓመታት በኋላም መሥራት ይቻላል፤ እውነተኛው ሳይለካ ከጠፋ ግን የሚሠራ ሞዴል አይኖርም።