ብርሃንን በባዶ ቧንቧ መምራት

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ነው) ወደ አገር ቤት ስልክ የደወለ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ። «ሃሎ» ብሎ ይጠብቃል፤ መልስ የቀረ መስሎት ደግሞ «ሃሎ» ሲል የእሱና የእናቱ ድምፅ መንገድ ላይ ይጋጫሉ። ያ መዘግየት የኦፕሬተሩ ስንፍና አልነበረም። ድምፁ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ሳተላይት ነክቶ ያንኑ ያህል ስለሚወርድ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር።

ዛሬ ጥሪያችን በአብዛኛው የሚጓዘው በምድርና በባሕር ሥር በተዘረጋ የመስታወት ክር፣ ማለትም በፋይበር ኦፕቲክስ ነው። ነገር ግን መስታወትም ያዘገያል። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲከንፍ፣ በመስታወት ውስጥ ወደ 205,000 ይወርዳል። ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በመስታወት 56 ሚሊ ሰከንድ፣ በአየር ግን 38 ይበቃዋል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ወሬ ይህ ልዩነት አይሰማም። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ለሚጠያየቁ ኮምፒውተሮችና በአክሲዮን ገበያ ለሚሽቀዳደሙ ነጋዴዎች ግን ትልቅ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ የእኔ እንጀራ ከዚህ ላይ ነው። ብርሃን በመስታወት ሳይሆን በመሐሉ ባለው አየር እንዲሄድ የሚሠሩ ውስጠ ባዶ ፋይበሮችን፣ ገና ሳይሠሩ በኮምፒውተር አሰላለሁ። አንዳንድ ወገኖች ሥራዬን ስነግራቸው «ቧንቧ ባዶ ከሆነ ምኑ ይሰላል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቅጡ ልመልሰው።

በተራው ፋይበር መሐሉ ብርሃንን ከዳሩ ይበልጥ ስለሚያዘገይ ብርሃኑ ከዳሩ እየተንጸባረቀ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በባዶው ቧንቧ ነገሩ ይገለበጣል፤ መሐሉ አየር፣ ዳሩ መስታወት ነው። ስለዚህ ያ ሕግ አይሠራም፤ ብርሃኑ ወንፊት ላይ እንደ ፈሰሰ ውኃ ይንጠባጠባል። ማርካቲሊና ሽመልትዘር የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በ1964 ይህን አስልተው ነበር። ቧንቧው በሰፋ መጠን ፍሳሹ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሰፋ ቧንቧ ትንሽ ሲታጠፍ ብርሃኑ ይጠፋል።

መውጫው የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1987 ያብሎኖቪች እና ጆን፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው እየሠሩ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሥርዓት የተደረደሩበት አካል የተወሰነ ቀለም ያለውን ብርሃን ጨርሶ ሊከለክል እንደሚችል አሳዩ። ፊሊፕ ራስል በ1991 ይህን ሐሳብ ወደ ፋይበር አመጣው፤ በ1999 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ የእሱ ቡድን ብርሃን በአየር ውስጥ የሚመራበትን ፎቶኒክ ክሪስታል ፋይበር ለዓለም አስተዋወቀ። ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ እንደ ማር እንጀራ ነው፤ መሐሉ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው። በ2005 ይኸው ዓይነት በኪሎ ሜትር 1.2 ዴሲቤል ኪሳራ ደረሰና እዚያው ቆመ። መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ገጹ ላይ ደርቆ የሚቀር እጅግ ጥቃቅን ሞገድ አለ፤ ብርሃኑም ያንን እየነካ ይበተናል። ይህን በጥንቃቄ ብዛት ማስቀረት አይቻልም።

ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ፤ ብርሃኑ መስታወቱን ጨርሶ እንዳይነካ ማድረግ እንዴት ይቻላል? የሳሙና አረፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ቀለሙ የሚለዋወጠው ከሁለቱ ገጾቹ የሚመለሱት ሞገዶች አንዳንዴ ሲደጋገፉ፣ አንዳንዴ ሲጣፉ ነው። ስስ የመስታወት ግድግዳም እንዲሁ ነው። የግድግዳውን ውፍረት በእጥፍ፣ ከዚያም በ1.05 ብታባዙት፣ የሚያመልጠውን ብርሃን የሞገድ ርዝመት ታገኛላችሁ። ግማሽ ማይክሮሜትር የሆነ ግድግዳ 1.05 ማይክሮሜትር የሆነውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ለቴሌኮም የምንፈልገውን 1.55 ግን ወደ አየሩ ይመልሳል። በውስጥ በኩል ሳይነካኩ የተደረደሩ ጥቂት ስስ ቱቦዎች ከማር እንጀራው በለጡ። ሳይነካኩ ያልሁት በምክንያት ነው፤ በሚገናኙበት ቦታ መስታወቱ ይወፍርና ብርሃኑን ይሰርቃል።

አሁን ወደ ስሌቱ። መነሻው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ የጻፋቸው እኩልታዎች ናቸው። ፋይበሩ በርዝመቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለን ስለምንነሳ፣ የተቆረጠውን ፊት ብቻ በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍለን፣ ቅርጹን ሳይለውጥ የሚጓዝ የብርሃን ሥዕል እንፈልጋለን። መልሱ ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ቁጥር ነው። የቁጥሩ አንዱ ክፍል ፍጥነቱን፣ ሌላው ፍሳሹን ይነግረናል።

ችግሩ ፍሳሹ ላይ ነው። በኪሎ ሜትር 0.1 ዴሲቤል የሚባለው ኪሳራ በስሌቱ ውስጥ 0.0000000000028 ሆኖ ይመጣል። ከነጥቡ በኋላ አሥራ አንድ ዜሮ ቁጠሩ! ሦስት ማዕዘኖቹ በስሱ ግድግዳ ላይ ጥቂት ከረዘሙ ይህ ቁጥር ሐሰት ይሆናል። ደግሞም የኮምፒውተሩ ሥዕል የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት፤ ብርሃን ግን ወደ ውጭ መሄዱን አይተውም። ዳር ላይ ግድግዳ ብናቆም ያመለጠው ተመልሶ ይመጣና ፋይበሩ ያልሆነውን ጥሩ መስሎ ይታያል። ለዚህ ፈረንሳዊው ቤራንዤ በ1994 የደረሰበት ዘዴ አለ፤ ዳሩን የደረሰበትን ብርሃን ምንም ሳይመልስ በሚውጥ ምናባዊ ንብርብር መክበብ። እኔ በበኩሌ ከሙያችን ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አንድ ፋይበር ለመሳብ ቱቦዎቹን በእጅ ደርድሮ፣ 2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ አቅልጦ፣ ከማማ ላይ ወደ ታች መጎተት ያስፈልጋል። ስሌቱ ከዋሸ ያ ሁሉ ወጪ ገደል ገባ ማለት ነው። ካልዋሸ ደግሞ ሰው የማያምነውን ነገር አስቀድሞ ይናገራል። ፍራንቼስኮ ፖሌቲ የሳውዝሃምፕተኑ በ2014 ቱቦ በቱቦ ውስጥ ቢገባ ኪሳራው ከተራው ፋይበር በታች ሊወርድ እንደሚችል በስሌት አሳየ። በ2020 የተሠራው 0.28 ዴሲቤል ደረሰ፤ በ2025 ደግሞ 0.091 ታተመ። በተራው የቴሌኮም ፋይበር ብርሃኑ በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ግማሹ ይጠፋል፤ በዚህኛው ግማሹ የሚጠፋው ከ33 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ማይክሮሶፍትም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ሉሜኒሲቲ የተባለ ኩባንያ በ2022 ገዝቶታል።

ለልጆቻችሁ የምጠቁመው አንድ ጉዳይ አለኝ። ማማውና ምድጃው የሀብታም አገር ዕቃ ነው፤ ስሌቱ ግን አይደለም። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች የጻፏቸው ኤም ፒ ቢ እና ሚፕ የተባሉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ ሒሳብ የሚወድ ተማሪ አዲስ አበባም ሆነ ሪያድ ተቀምጦ ሊጀምርባቸው ይችላል። ያልተፈታ ሥራም ሞልቷል። ፋይበሩ በገመድ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲጨመቅ በጥቃቅን መታጠፊያዎቹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያጣ ማስላት፣ የተቆረጠው ጫፍ አየርና እርጥበት ሳያስገባ ከተራው ፋይበር ጋር እንዴት እንደሚገጠም ማወቅ፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ የሚያከራክሩን ናቸው።